ብግነት ካንሰርን የሚያሳድግ ከሆነ ማስታገሻ ለምን አያዙለትም? (ዘግይታችሁ ለመጣችሁ)

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 37 ደርሷል። በየማታው አንድ አዲስ ሰው ብቅ ይልና ከላይ ያለውን ሳያነብ ቁጥር 7 ላይ የተጠየቀውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፤ አንዳንዱ በአስተባባሪው ተሰርዟል፣ አንዳንዱ ደግሞ ባይደገም ይሻላል።

መነሻው አጎቴ ነው። የሚያርሰው አርሲ ውስጥ፣ ከኢተያ አለፍ ብሎ ነው። መጀመሪያ ቂጣ፣ ቀጥሎ እንጀራ፣ በመጨረሻ አጥሚት ሳይቀር አልወርድ ሲለው አዳማ አመጣነው። በአፉ ካሜራ አስገብተው ናሙና ወሰዱና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው ተባልን፤ አገር ቤት የጉሮሮ ካንሰር የሚሉት ማለት ነው። ያረፈው ፍራንኮ፣ እኔ ቤት ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆም ብሎ፣ ሰውነታችን ለቁስል ብሎ የሚያመርታቸው መልእክተኛ ፕሮቲኖች ዕጢውን እንደሚያግዙት በጥድፊያ ነገረኝና ተጠርቶ ሄደ። ወሬው በግማሽ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ጥያቄዬን ለጠፍኩ፤ ካንሰሩ የሚያድገው በብግነት፣ ማለት እንደ ቁስል ባለ የሰውነት መቆጣት፣ ከሆነ፣ ብግነት የሚያበርድ ክኒን በየመድኃኒት ቤቱ በሞላበት አገር ለምን አያዙለትም? ጥያቄ አስመሰልኩት እንጂ ክስ ነበር፤ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ብግነት ያበርዳሉ የሚባሉትን ዲክሎፌናክና ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) ገዝቶ ገብቶ ነበር።

ቁጥር 1 ምሕረቱን ያውርድለት ብሎ አለፈ። ቁጥር 2 ሆስፒታሉን በስም እንድጠራ ፈለገ፤ አልጠራሁም፣ አልጠራምም።

ቁጥር 3 ባለ ማይክሮስኮፕ የሚል ስም የያዘ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። የአጎቴ የደም ውጤት ላይ ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምልክት ከፍ ብሏል ብዬ ጽፌ ስለነበር ከዚያ ጀመረ። ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው፤ እንዲሠራ የሚያዘው ደግሞ ኢንተርሊውኪን 6 የሚባል ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ሲአርፒ ጨመረ ማለት የሆነ ቦታ ትእዛዝ እየተላለፈ ነው ማለት ብቻ ነው። ቶንሲልም፣ የሳንባ ምችም፣ የተመረዘ ጥርስም ያንኑ ቁጥር ያስነሳል። በሲአርፒ ካንሰር አለብህ ወይም የለብህም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ አለ። ይህንን ያለው በትሕትና ነው፤ ኋላ ላይ ትሕትናው ይሟጠጣል።

ቁጥር 4 ይህ ክር ለምን እንደረዘመ የሚያስረዳው መልስ ነው። ጸሐፊው ደቦ በሚል ስም የሚገባ የባዮሎጂ መምህር ነው። ብግነት የሚለውን ቃል ትቶ ወደ እናቶቻችን አነጋገር ወሰደን። እኛ ቁስል ተቆጣ እንላለን። ቁጣ ደግሞ ምክንያት አለው፣ ይነሳል፣ ከዚያ ይበርዳል። የማይበርድ ቁጣ ነው በሽታ። ቀጠለና የእድር ጡሩምባ ነፊን አመጣ። ቆዳህ ሲቆረጥ ወይም ጀርም ሲገባ እዚያ ያሉ ነጭ የደም ሕዋሶች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ድምፁ ሳይቶካይን የምንላቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ኢንተርሊውኪን 1፣ ኢንተርሊውኪን 6፣ ቲኤንኤፍ እና ሌሎችም። ጡሩምባውን የሰማ ሁሉ ይመጣል። ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ውኃ ይቀዳል። በሰውነት ቋንቋ ይህ ማለት አዲስ የደም ሥር ይዘረጋል፣ ሕዋሶች እንዲባዙና እንዳይሞቱ ይታዘዛሉ፣ የተበላሸው ይጠረጋል። ለቅሶው ሲያልቅ ድንኳኑ ይነሳል፣ ቁስሉ ይጠግጋል።

ካንሰር ግን የሞተበት ሳይኖር በድንኳኑ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ነው አለ መምህሩ። ይባስ ብሎ ጡሩምባውን ራሱ መንፋት ይማራል። ብዙ ዕጢዎች ኢንተርሊውኪን 6ን ራሳቸው ያመርታሉ። ፕሮቲኑ የሕዋሱን በር ሲያንኳኳ ጃክ የሚባሉ ኤንዛይሞች ይነቃሉ፤ እነሱም ስታት 3 የሚባለውን ይቀሰቅሱታል፤ ስታት 3 ወደ ኒውክሊየስ ዘልቆ ተባዛ፣ አትሙት፣ ደም ሥር ጥራ የሚሉትን ጂኖች ይከፍታል። ለቁስል በጎ የሆነው ትእዛዝ ለዕጢም ያው ነው። ነገሩ አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ ብሎ ሁለት ዓመት ጠቀሰ። በ1863 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኮ ዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሶችን ማየቱን፣ በ1986 ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ድቮራክ ዕጢን የማይድን ቁስል ብሎ መጥራቱን።

ቁጥር 5 ላይ ጋሼ ሸንኮራ ገቡ። የወንጂ ስኳር ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም አንቱ ነው የምንላቸው። በ1986 ሸንኮራ ሚዛን ላይ እንደነበሩ፣ ሬዲዮም ሳያቋርጡ ይሰሙ እንደነበር፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ግን እንዳልሰሙ ጽፈው መምህሩን ማስረጃ ጠየቁት። ቁጥር 6 የፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን በአክብሮት ነገራቸው። ከዚህ በታች የማነሳው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ጋሼ እንዳይቆጡ።

ቁጥር 7 ቀይ ባጃጅ ነው። የፊደልና የቁጥር ጋጋታ እንደሰለቸው፣ ሰውየው የጠየቀው ስለ ክኒን መሆኑን፣ ይዋጥ ወይስ አይዋጥ የሚለውን ባንድ መስመር የሚመልስ ሰው ከሌለ መምህራኑ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ አሳሰበ። ስድነት አለበት፣ ግን እውነቱን ነው።

ቁጥር 8 መለሰችለት። ነጭ ጋውን የምትባል ፋርማሲስት ናት፤ ባንድ መስመር አልመለሰችም። አይዋጥ ብላ ጀመረችና ምክንያቱን ዘረገፈችው። ዲክሎፌናክ የሚዘጋው ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን ኤንዛይም ነው፤ ሕመምና ትኩሳት ይቀንሳል፣ ኢንተርሊውኪን 6ን ግን ከነጋሻ ጃግሬው አያስቆምም። ምግብ የማይወርድለት፣ ውኃ ያጠረው ሽማግሌ ላይ ደግሞ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ዴክሳ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ይሠራል። የብዙ ሳይቶካይኖችን ጡሩምባ ባንዴ ይቀማል፤ ከነሱ ጋር ግን ዕጢውን ሊያጠቁ የሚችሉትን ሕዋሶችም ወደ ቤት ይሰዳል፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ተኝቶ የነበረ ጀርም ይቀሰቅሳል። ሐኪም ዴክሳ የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ለሚያመጣው ማስመለስ፣ ወይም ዕጢ አንጎል ውስጥ እብጠት ሲያመጣ። ያ ልኩና ቀኑ የተወሰነ ነው።

አስፕሪንንም አልተወችም፣ አንድ ሰው እንደሚያነሳው ታውቃለችና። ሊንች የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ባለባቸው ሰዎች በቀን 600 ሚሊግራም አስፕሪን ለዓመታት መውሰድ የትልቁን አንጀት ካንሰር እንደቀነሰ ተረጋግጧል። በ2018 የወጣውና ከ19 ሺህ በላይ ጤነኛ አረጋውያንን የተከተለው ጥናት ግን በአስፕሪን ወሳጆቹ ዘንድ በካንሰር የሞተው ሰው በዝቶ አገኘው። አንድ ክኒን፣ ሁለት ዓይነት ሰው፣ ሁለት ውጤት። ይህን ካነበባችሁ በኋላ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆማችሁ ለካንሰር የሚሆን ማስታገሻ ስጡኝ አትበሉ አለች።

ቁጥር 9 እኔ ነኝ። ክኒኖቹን ሰብስቤ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደቆለፍኩ፣ የአጎቴ ልጅም እንዳኮረፈኝ ጻፍኩ።

ቁጥር 10 ላይ ክሩ ታጠፈ። እትዬ ዘንቢል የተባሉ እናት ባለቤታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው 6 ወር መድኃኒት ወስደው ድነው ዛሬ ጋሪ እንደሚነዱ ነገሩን፤ ስለዚህ አጎቴም ስድስቱን ወር ሳያቋርጥ ከዋጠ እንደሚድን አጽናኑኝ። ቁጥር 11 ጠጠር የሚባለው ልጅ ሳቀባቸው። የጻፈው ተሰርዟል፤ ይሰረዝ። ቁጥር 12 መምህሩ ገሠጸው። ጥፋቱ የእናታችን ሳይሆን የቋንቋችን ነው፤ ነቀርሳ የሚለው ቃል በየመጽሐፉ ለካንሰር ይውላል፣ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ደግሞ ቲቢ ማለታችን ነው፤ ሰው ቢደናገር ምን ያስቃል አለው። ጠጠር ይቅርታ አልጠየቀም፤ እስከ ቁጥር 29 ጠፋ።

እኔ ይህን መታጠፊያ ከክሩ ሁሉ አብልጬ ወደድኩት፣ ምክንያቱም ቁጥር 13 ባለ ማይክሮስኮፕ ከዚያው ከቲቢ ተነስቶ ወደ ጉዳያችን መለሰን። የቲቢ ጀርም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሳይታመሙ ዓመታት መኖር ይቻላል፤ ነጭ የደም ሕዋሶች ከበው እንደ አጥር ስለሚያግቱት። አጥሩን ከሚያቆሙት ፕሮቲኖች አንዱ ቲኤንኤፍ ነው። ለመገጣጠሚያ በሽታ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መርፌ መሰጠት ሲጀምር አንዳንዶቹ ላይ የተኛው ቲቢ ተነሳባቸው፤ አሁን መርፌው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። እንግዲህ ይህን ፕሮቲን ጠላት ነው ብለን እንዝጋው ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዘንቢልን በስማቸው ጠርቶ ባለቤታቸውን እንኳን እግዚአብሔር ማረልዎ አላቸው።

ቁጥር 14 ውጭ አገር የሚማር የአዳማ ልጅ ነው፤ ስደተኛው ተማሪ ይባላል። የቲኤንኤፍ ስም የዕጢ አክሳሚ ማለት መሆኑን ነገረንና ስያሜው ከየት እንደመጣ ተረከ። በ1891 ዊልያም ኮሊ የሚባል የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም ባክቴሪያ ሆን ብሎ ሕመምተኞች ዕጢ ውስጥ ይወጋ ጀመር፤ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣቸው የአንዳንዶቹ ዕጢ ይቀልጥ ነበር። በ1975 ሎይድ ኦልድና ባልደረቦቹ በባክቴሪያ መርዝ ከተቀሰቀሱ አይጦች ደም ውስጥ ዕጢን የሚገድል ነገር አገኙና ያን ስም ሰጡት። ሁሉም መድኃኒቱ ተገኘ አለ። በ1985 ግን ሌላ ቡድን ሕመምተኛን የሚያመነምነውን ፕሮቲን ሲያድን ያገኘው ያንኑ ቲኤንኤፍ ሆነ። በ1999 ደግሞ ቲኤንኤፍ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች የቆዳ ዕጢ አልይዝ አላቸው። አክሳሚ የተባለው አሳዳጊ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥር 15 ቀይ ባጃጅ ተመለሰ፤ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት ቁረጡልን። ቁጥር 16 ተማሪው መጠኑና ጊዜው ነው አለ። በከፍተኛ መጠን አንድ ቦታ ላይ ሲፈስ የዕጢውን ደም ሥር ያፈርሳል፤ ጠብ ጠብ እያለ ዓመት ሙሉ ሲቆይ ሕዋሶችን ያበዛል። ምሳሌ ሲፈልግ ዝናብ ላይ ደረሰ፤ ክረምቱን ጎርፍ የወሰደው ማሳ እና በጋውን ቧንቧ ያፈሰሰበት ማሳ አንድ አይደሉም። ምሳሌው እስከመጨረሻው አያስኬድም፣ ግን ቀይ ባጃጅ በቃኝ ገባኝ ብሏል።

ቁጥር 17 ሙዳይ የምትባል ሴት ናት። ይህን በፍጥነት አላልፈውም። አባቷ በጉበት ካንሰር ሲያልፉ አጥንታቸው ቆዳ ለብሶ ነበር። ቤተ ዘመዱ እናቷን ወቀሰ። አላበላቻቸውም፣ ቅቤ ሰሰተች፣ ገንፎውን ለልጆቹ ሰጠች ተባለ። እናቷ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያን ሰምታ አንገቷን ደፋች፤ እስከ ዛሬም ከባሏ ወገን ጋር አትነጋገርም። ሙዳይ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ሰው እየበላ ይመነምናል ወይ?

ቁጥር 18 ተማሪው አዎ ብሎ መለሰላት። በካንሰር የሚመጣው መክሳት ከረሃብ ይለያል። ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊውኪን 1ና 6 ከዕጢው አካባቢ ወደ ደም ሲፈሱ ጡንቻ እንዲፈርስ ያዛሉ፣ አንጎል ላይ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፣ ሰውነት ተኝቶም ጉልበት እንዲያቃጥል ያደርጋሉ። የተራበ ሰው ሲበላ ሥጋው ይመለሳል፤ ይህ ግን በምግብ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጂዲኤፍ 15 የሚባል ሌላ መልእክተኛም አለበት። በ2024 የታተመ ሙከራ እሱን የሚያግድ መርፌ በከፍተኛው መጠን ለ12 ሳምንት የወሰዱ ሕመምተኞች፣ የውሸት መርፌ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ብልጫ ክብደት እንዳሳዩ አመልክቷል፤ ገና በየሆስፒታሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ለእናትሽ አንብቢላቸው ብሎ ጨረሰ። ሙዳይ ሌላ አልጻፈችም። ጋሼ ሸንኮራ ቁጥር 19 ላይ ለአባቷ ነፍስ ይማር፣ ለእናቷ ደግሞ ጠዋሪ አያሳጣቸው አሉ።

ከ20 እስከ 24 ያለው ጭቅጭቅ ነው። ቁጥር 20 ካንሰሩን ያመጣው የአርሲዎች የፈላ ገንፎና ቡና ነው ብሎ ደነገገ። ቁጥር 21 የኢተያ ልጅ ነደደች፤ አዳማ ተቀምጦ በሰው ማዕድ ላይ መፍረድ ነውር እንደሆነ፣ እናቷም በዚያ ገንፎ 90 ዓመት እንደኖሩ፣ ገንፎ ያልቀመሰ ከተሜም በካንሰር እንደሚሞት። ቁጥር 22 ያባሰው እንጂ ያበረደው የለም፤ ተሰርዟል። ነጭ ጋውን ቁጥር 23 ላይ ሁለቱንም አረመች። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ በርከት ብሎ መታየቱ እውነት ነው፤ ከእኛ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ደቡብ በሚወርደው ቀበቶ ሁሉ እንደዚያው ነው። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም በሚለው መደብ አስቀምጦታል። ያለው ስለ መጠጥ ነው፤ ገንፎን በስም አልፈረደበትም። አንድም ምክንያት ብቻውን አይቆምም፤ ትንባሆም የአልኮል መጠጥም አለ። ዋናው አሠራሩ ነው አለች፤ የተቃጠለ ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ ሳይጠግግ ነገ ይቃጠላል፣ ለዓመታት ጡሩምባው አይዘጋም፣ በየጊዜው የሚባዛው ሕዋስ ሲባዛ ስሕተት ይሠራል። የኢተያ ልጅ ቁጥር 24 ላይ እንደማትስማማ፣ ግን ለእናቷ ቡናውን ቀዝቀዝ አድርጋ እንደምታቀርብ ጻፈች። እናቷ እንዴት እንደተቀበሏት አልነገረችንም።

ቁጥር 25 ጥቁር አዝሙድ ዘይትና እርድ ከስልክ ቁጥር ጋር ለጠፈ። ተሰረዘ። ነጭ ጋውን ቁጥር 26 ላይ፣ ሁለቱም ውስጥ ያሉ ቅመሞች በላብራቶሪ ሣህን ላይ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባለውን የብግነት ማብሪያ ዝቅ እንደሚያደርጉ አልካደችም፤ እርድ ግን ሲበላ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሣህንና ሰው ለየቅል ናቸው አለች። ወጥ ውስጥ አስገቡት፣ ጠርሙሱን በሺህ ብር አትግዙ።

ቁጥር 27 ስሙን ያልያዝኩት ሰው ነው። የእኔን የመጀመሪያ ክስ ደግፎ፣ ደስ ብሎት ነው የገባው። በ2017 የወጣ ጥናት ይዟል። 10,061 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ቀድሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጋጠማቸው፣ ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ። ለአብዛኞቹ ኢንተርሊውኪን 1 ቤታን የሚያግድ ካናኪኑማብ የሚባል መርፌ፣ ለቀሩት የውሸት መርፌ በየ3 ወሩ ተሰጣቸው። የታሰበው ለልብ ነበር። ሲቆጠር ግን ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ዘንድ በሳንባ ካንሰር መሞት በ77 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። ቁም ሳጥኑን አየሁት።

ቁጥር 28 ባለ ማይክሮስኮፕ ቀዝቃዛ ውኃ ደፋብን። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ታሪኩ ግን እዚያ አልቆመም። ያው መርፌ የሳንባ ካንሰር ለያዛቸው ሰዎች ከኬሞና ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር ተደርቦ በትልልቅ ሙከራዎች ተፈተነ፤ በ2021ና በ2022 ውጤታቸው ሲወጣ አንዱም የታሰበውን አላሳካም። ዕድሜ አላረዘመም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዳይመለስ አላደረገም። በመጀመሪያው ጥናትም መርፌውን በወሰዱት ላይ ለሞት ያደረሰ ኢንፌክሽን በዝቶ ነበር። ባለ ማይክሮስኮፕ እንደሚያስበው፣ ጡሩምባው ዕጢን ለመውለድ ያግዛል፤ ዕጢው አድጎ ቤቱን ከሠራ በኋላ ግን አንዱን ጡሩምባ ብትቀማው ሌላ አሥር አለው። ስለዚህ ብልሃቱ ቁጣውን የሚያነሳውን ነገር ቀድሞ ማጥፋት ነው። የጨጓራውን ጀርም ኤች ፓይሎሪን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ወስዶ ማጥፋት፤ ጉበት የሚያስቆጣውን ሄፓታይተስ ቢን ደግሞ በክትባት መከላከል። ይህ ክትባት ከ2007 ጀምሮ በአገራችን ሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ አለ። ወንድሜ፣ ቁም ሳጥኑን አትክፈተው ብሎ ጨመረ። ስለ ቁም ሳጥኑ እንደገና ማሰቤን በምን አወቀ?

ቁጥር 29 ጠጠር ተመልሶ መጣና የምንፈራውን አነሳ። ካንሰርን ቢላ ከነካው ይዛመታል፤ አክስቱ ጡቷን ተቆርጣ በዓመቷ ሳንባዋ ላይ ወጣባት። ያን ጊዜ ለምን እንዲያ ይስቅ እንደነበር ገባኝ፤ የተናደደ ሰው ሳቅ ነበር። ቁጥር 30 ላይ ሌላ ሴት የእሷ አክስት ደግሞ ያንኑ ፈርታ ቢላ እንቢ ብላ፣ እጢው ቆዳዋን በስቶ በስቃይ እንዳለፈች ነገረችው። ሁለት አክስቶች ፊት ለፊት ቆሙ፤ ማን ይናገር?

ተማሪው ቁጥር 31 ላይ ለመምከር ሳይሆን ለማስረዳት ሞከረ። በ2018 በአይጦች የተደረገ ሥራ የቀዶ ሕክምና ቁስል የሚያነሳው ብግነት ሩቅ ቦታ ታግቶ የነበረን ዕጢ ሊያሳድግ እንደሚችል አሳይቷል፤ እዚያው ሙከራ ላይ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን የተሰጠ ፀረ ብግነት ያን ቀንሶታል። እንግዲህ የሕዝቡ ፍርሃት ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። ነገር ግን የአክስትህ ሕዋሶች ሳንባዋ የደረሱት ቢላው ከመምጣቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም፤ ቢላ ባይነካትም እዚያው ነበሩ። ሊወጣ የሚችል ዕጢን መተው ደግሞ ጡሩምባ ነፊውን ከነድንኳኑ ማስቀመጥ ነው። ጠጠር ቁጥር 32 ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፤ እሺ።

ቁጥር 33 ላይ ተማሪው የጀመረውን ጨረሰ፤ መዛመት እንዴት እንደሚሆን። ስቲቨን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ በ1889 የጡት ካንሰር የትም ሳይሆን አንዳንድ ቦታ እየመረጠ እንደሚወጣ አይቶ በዘርና በመሬት መሰለው። ገበሬ ለሆነ ሕዝብ ይህ አይከብድም፤ ጤፍ የሚዘራው መሬቱ ሲለሰልስ ነው። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው መልእክተኛ መጀመሪያ ላይ ዕጢን ይገታል፤ ኋላ ግን ተጣብቀው የኖሩ ሕዋሶችን ያላቅቃቸውና እግር ያበቅልላቸዋል። ኢንተርሊውኪን 8 ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሶች ይጠራል፣ የደም ሥርም ያስዘረጋል። ኒውትሮፊሎች ጀርም ለማጥመድ ከራሳቸው ዲኤንኤ መረብ ይጥላሉ። በ2018 አይጦች ላይ እንደታየው ሳንባቸው በትንባሆ ጢስ ሲቆጣ በመረቡ ላይ ያሉት ኤንዛይሞች አካባቢውን ቆራርጠው ተኝተው የነበሩ የካንሰር ሕዋሶችን ቀሰቀሱ። አጎትህ ካጨሰ አስቁመው አለኝ። አጎቴ አያጨስም። የአጎቴ ልጅ ግን በረንዳ ላይ ያጨስ ነበር፤ አሁን ደጅ ወጥቶ ነው የሚያጨሰው። ኩርፊያው በዚህም ረዘመ።

ቁጥር 34 ደግሞ የወንጂ ውኃ ጥርስ ማበለዙን አንስቶ ይህም ካንሰር ነው ወይ አለ። ጋሼ ሸንኮራ ቁጥር 35 ላይ የራሳቸውን ጥርስ ምስክር አቀረቡ፤ ፍሎራይድ ነው፣ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል፣ ካንሰር ግን ሌላ ነው አሉ። የስምጥ ሸለቆ ሰው ሁሉ ፈገግታው ቡናማ ነው ብለው ቀለዱ። ከጉዳዩ ወጥተናል፣ ግን ማንም አላስቆማቸውም።

ቁጥር 36 እኔ ነኝ። የአጎቴ የሐሙስ ቀጠሮ እንደደረሰ፣ አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምና እንደተጻፈለት፣ እስከዚያው ምግብ እንዲወርድለት ቧንቧው ውስጥ ማስፋፊያ እንዳስገቡለት ጻፍኩ። ትናንት ሾርባ ጠጣ። ሲቀርብለት ሙቀቱን በጣቱ ነክቶ ካየ በኋላ ቀዘቀዘ ብሎ ቅር አለው፤ እኔም አላሞቅኩለትም። መናኸሪያ የሚያደርሰን ባጃጅ በጠዋት ማግኘት እንደሚያስቸግረንም ጨመርኩበት።

ቁጥር 37 ሁለት ሰው አንድ ላይ ነው የመለሰው፤ የጋሼ ሸንኮራ ልጅ በአባቱ ስልክ። ጋሼ በዚያው ሐሙስ ለዓይናቸው አዲስ አበባ ስለሚሄዱ መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፤ 11 ሰዓት ከሌሊቱ ፍራንኮ አደባባይ ላይ ቁሙ፣ ሽማግሌው ፊት ወንበር ይቀመጡ ይላሉ አባቴ።